አማካዩን ብቻ አትንገሩን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጥቅምት ተጋምሶ ኅዳር ሲቃረብ አንድ ዓይነት ዜና በየሚዲያው ይጎርፋል። የመስክ ቀን ተካሄደ። እንግዶች ኮፍያ አድርገው ስንዴ መሃል ቆሙ። አዲሱ ዝርያ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ይሰጣል ተባለ። እናንተም ታትሙታላችሁ፣ እኛም እናነባለን። ቁጥሩ ግን ሁልጊዜ አንድ ብቻውን ነው የሚመጣው። ከስንት ገበሬ ማሳ ተገኘ? ዝቅተኛው ስንት ነበር? ዋልካ (ጥቁር አፈር) ላይ ነው ቀይ አፈር ላይ? በሰኔ ተዘርቶ ነው በሐምሌ መጨረሻ? የሚናገርም የሚጠይቅም የለም።

ለዓመታት በልማት ሠራተኝነት ሠርቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ከዘር ብዜት ጋር የተያያዘ ሥራ ላይ ነኝ። የገበሬ ማሳ ሙከራ ውጤት ከየት ተነስቶ የት እንደሚቀር ስለማውቅ ነው የምጽፈው። ብዙው የአንድ ባለሙያ ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራል። ሰውየው ሲዛወር ፋይሉም አብሮ ይዛወራል፣ ከዚያ የውሃ ሽታ ነው። የተረፈው ደግሞ ተጨምቆ አማካይ ይሆንና ሪፖርት ላይ ይሰፍራል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የየማሳው ውጤት ማንም በስልኩ ከፍቶ፣ የራሱን መሬት የሚመስለውን መርጦ፣ አወዳድሮ ሊያየው በሚችል መልክ ይውጣ። ቴክኖሎጂው አለ። መረጃውም አለ። የጠፋው ልማዱ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወለድ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ የከተማ አንባቢ አያውቀውም። ከገበሬው መሬት ላይ ትንሽ ቦታ ይለካል። አዲሱ ዝርያ ከነባሩ ጎን ይዘራል። አጨዳ ሲደርስ ከየመደቡ ናሙና ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይመዘናል፣ ከዚያ ወደ ሄክታር ይሰላል። ከ1 ካሬ ሜትር ናሙና ላይ 100 ግራም ከተሳሳትክ ሄክታሩ ላይ ስህተትህ 10 ኩንታል ነው! ናሙናው ደግሞ ከየት ይወሰዳል? ካማረው በኩል። ማሳውስ እንዴት ይመረጣል? መንገድ ዳር ሆኖ፣ ባለቤቱ ሞዴል ገበሬ የተባለ፣ ማዳበሪያ በወቅቱ የደረሰው፣ ሁለት ሦስቴ አርሞ የጨረሰ። ውሃ የተኛበት ወይም ከብት የገባበት ማሳ ካለ ደግሞ «የተበላሸ ሙከራ» ተብሎ ከሠንጠረዡ ይወጣል። እንደዚህ ተጣርቶ ተጣርቶ የቀረው ነው በሬዲዮ የሚነገረው። ማንም አልዋሸም፣ እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት አለው። ግን ያ ቁጥር ዘግይቶ ለዘራ፣ ማዳበሪያው ለዘገየበት፣ ዳገት ላይ አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር ገደማ) መሬት ላለው ሰው ምን ይነግረዋል?

የግብርና ሚኒስቴር የሚያሳትመውን የዝርያዎች መዝገብ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ለየዝርያው የተለቀቀበት ዓመት፣ የሚስማማው ከፍታ፣ የዝናብ መጠን፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ ይጻፋል። ምርቱ ጋ ሲደረስ ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ በምርምር ማሳ፣ ሌላው በገበሬ ማሳ። የገበሬው ማሳ ቁጥር ከምርምሩ ዝቅ ብሎ ነው የምታገኙት። ይህ ጥሩ ነገር ነው፣ ቢያንስ ልዩነቱ አልተደበቀም። ግን «ከዚህ እስከዚህ» ከሚል ስፋት በቀር ከታች የወደቀው የየትኛው ወረዳ ማሳ እንደሆነ፣ ለምን እንደወደቀ አይነግርህም። መጽሐፉም በእንግሊዝኛ ነው። ለማን እንደተጻፈ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ጤፍ በመስመር መዝራትን አስታውሱ። ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ ሌላ ወሬ አልነበረም። በብተና በሄክታር ከ25 ኪሎ በላይ የሚፈጀው ዘር በመስመር ሲሆን 5 ኪሎ አካባቢ ይበቃዋል፣ አረሙ ይቀላል፣ አገዳው ይጠነክራል፣ ምርቱማ አይጣል ነው ተባለ። ሐሳቡ መሠረት ነበረው። ገበሬውም የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በስቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሚስትና ልጆቹን አሰልፎ ዘራ። በኋላ የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ኢንስቲትዩት እና የቤልጂየሙ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን ገበሬው ማሳ ላይ አጠኑት። ምርት ይጨምራል፣ ይህን አልካዱም። ጭማሪው ግን ሠርቶ ማሳያው ላይ ከታየው ያነሰ ነው፣ የሚበላው ጉልበት ብዙ ነው፣ በአንድ የሥራ ቀን የሚገኘው ምርትም ዝቅ ይላል ብለው ጻፉ። ገበሬው ይህን በወገቡ አውቆት ነበር። ጉልበት ያለው ቤት ሲቀጥልበት፣ የሌለው ወደ ብተናው ሲመለስ አይቻለሁ። የተመለሰውን ደግሞ «አዲስ ነገር አይቀበልም» ሲሉት ሰምቻለሁ። የየማሳው ውጤት ከነጉልበቱ በግልጽ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው እምቢተኛ አይባልም ነበር። ስንት ሰው ቤት፣ ስንት የሥራ ቀን ወስዶ፣ ስንት ኪሎ እንደጨመረ አይቶ ራሱ ይወስን ነበር።

በዚያው ሰሞን አንዲት እናት፣ መሬታቸው ላይ ሙከራ የተሠራባቸው፣ ገበያ ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ ያ የመዘናችሁት ስንት ወጣ?» አሉኝ። ቁጥሩ ወደ ላይ ሄዷል፣ ተመልሶ አልመጣም ነበር። «እማማ፣ ገና ነው» አልኳቸው። በማግስቱ ዓመትም ገና ነበር። እሳቸው መሬታቸውን ሰጥተዋል፣ አርመዋል፣ ወፍ ጠብቀዋል። የራሳቸውን ማሳ ውጤት ግን ከእሳቸው በቀር የሚመለከተው ሁሉ አይቶታል።

አሁን ወደ መፍትሔው። አሜሪካ ውስጥ አዮዋ የሚባል የበቆሎና የአኩሪ አተር አገር አለ። እዚያ ገበሬዎች በገዛ ማሳቸው ላይ ረጃጅም መደብ እየከፈሉ ሙከራ ይሠራሉ፤ አንዱን መደብ ፀረ ፈንገስ ይረጫሉ፣ ጎኑን ይተዉታል፣ ኮምባይነሩ እያጨደ ይመዝናል። የአዮዋ አኩሪ አተር ማኅበር ይህን ውጤት ለዓመታት ሰበሰበና ከአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ አይሶፋስት የሚባል የኢንተርኔት ገጽ ላይ አወጣው። የሙከራውን ዓይነት ትመርጣለህ። ወዲያው ሥዕል ይወጣልሃል። እያንዳንዱ ማሳ አንድ ነጥብ ነው፣ ከነጥቡ ግራና ቀኝ የሚዘረጋው መስመር ደግሞ የውጤቱን አስተማማኝነት ያሳያል። መሃል ላይ የዜሮ መስመር አለ። ከዜሮው ወዲህ የወደቀው ከሰረ፣ ወዲያ ያለው አተረፈ። የከሰረው አልተሰረዘም! እዚያው ከነነጥቡ ተቀምጧል።

ከዚያ ሥራ ጋር በተያያዘ እነዚያው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ያነሱት ነጥብ ለእኛም ሁነኛ ነው። ለማስረዳት ያህል ቁጥሩን እኔ ልፍጠር። አንድ ማዳበሪያ በ40 ማሳ ተሞከረ እንበል። በአማካይ 3 ኩንታል ጨመረ፣ እውነተኛው አማካይም ከ2 እስከ 4 ኩንታል መሃል ነው ተባለ። ይህን የሰማ ሰው «ቢያንስ 2 ኩንታል አገኛለሁ» ብሎ ያስባል። ተሳስቷል። ያ ከ2 እስከ 4 የሚለው ስለ አማካዩ ነው እንጂ ስለ እሱ ማሳ አይደለም። ማሳዎቹ እርስ በርስ የሚለያዩ ከሆነ፣ የሚቀጥለው አንድ ገበሬ ከ3 ኩንታል ኪሳራ እስከ 9 ኩንታል ትርፍ የትኛውም ሊደርሰው ይችላል። ሙከራውን በ400 ማሳ ብታደርገው የአማካዩ ስፋት ይጠባል፣ የዚያ የአንዱ ገበሬ ዕድል ግን እንዳለ ነው የሚቀረው። ብድር ተበድሮ ዩሪያ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይሄ ሁለተኛው ነው። ለሚኒስትሩ አማካዩ ይበቃዋል፣ አገር ነው የሚያስበው። ገበሬው የሚያስበው አንድ ማሳ ነው።

«ያ አሜሪካ ነው» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እሺ፣ ወደ አገራችን እንምጣ። ባዮቨርሲቲ ኢንተርናሽናል የሚባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅት ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር በፓስታ ስንዴ ላይ የሠራው ሥራ አለ። ከጂን ባንካችን (ከአገሪቱ የዘር ማከማቻ) የወጡ የገበሬ ዝርያዎችን ከተሻሻሉት ጋር ጎን ለጎን አድርገው 400 ዓይነት ስንዴ ዘሩ፣ አንዱ ቦታ አማራ ክልል ገረገራ፣ ሌላው ትግራይ ሐገረ ሰላም። 60 ገበሬዎች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ በየመደቡ እየዞሩ ነጥብ ሰጡ። ከዚያ ሥራው ወደ ገበሬው ደጅ ወጣ። ዘዴው ደስ ይላል። እያንዳንዱ ገበሬ ሦስት ዝርያ ብቻ ይሰጠዋል፣ ስማቸው ሳይነገረው፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብለው። ጎን ለጎን ይዘራቸዋል። ከዚያ የሚጠየቀው ቀላል ነው፤ በበሽታ የተሻለው የቱ ነው? የባሰውስ? በምርትስ? ሚዛን የለም፣ ፎርሙላ የለም። የመቶዎች ገበሬዎች መልስ ሲሰበሰብ ክሊምሞብ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ያገናኘዋል፣ ተመራማሪዎቹም ከዚያ ዓመት ሙቀትና ዝናብ ጋር ያያይዙታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት ኢትዮጵያን፣ ኒካራጓንና ሕንድን አንድ ላይ አድርጎ ገበሬዎች ራሳቸው የያዙት 12,409 የሙከራ መደብ ነበረው። በ2021 በኢትዮጵያ ስንዴ ላይ ብቻ የወጣው ደግሞ 1,165 ማሳ ይዞ፣ የትኛው ዝርያ ገበሬው ማሳ ላይ እንደሚሻል የመተንበይ አቅም ከተለመደው አሠራር እጥፍ ሊሆን እንደሚችል አሳየ። የገበሬው ዓይን ሳይንስ ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው።

እንግዲህ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ያ ሁሉ መልስ የመጣው ከገበሬው ነው። ጥናቱ ዓለም ላይ ገንኗል። ገረገራ ያለችበት የመቄት ወረዳ ገበሬ ወይም የልማት ሠራተኛው በአማርኛ ከፍቶ «እኛ ከፍታ ላይ የትኛው አሸነፈ?» ብሎ የሚጠይቅበት ገጽ ግን እስካሁን አላየሁም። ካለና እኔ ካላወቅሁት ያው ነው፤ ለሥራው እንደ እኔ ቅርብ የሆነ ሰው ካላወቀው ገበሬው በምን ያውቀዋል።

ሌላም ምክንያት አለኝ፣ ዋግ፤ ስንዴን የሚያጠቃው የፈንገስ በሽታ። ኩብሳ የሚባለውን ስንዴ አርሲና ባሌ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ለዓመታት አገር የመገበ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ መጣና አነደደው። ከዚያ ዲገሉ ተተካ፣ እሱን ደግሞ በ2013 መጨረሻ የግንድ ዋግ ባሌና አርሲ ላይ ጣለው። ዝርያ ሲለቀቅ የተጻፈለት ቁጥር ግን ወረቀቱ ላይ አይነድም፣ እንደ አዲስ ነው የሚኖረው። የየዓመቱ የማሳ ውጤት የሚጨመርበት ገጽ ቢኖር ዓመቱን እየገፋህ ነጥቦቹ ሲወርዱ፣ የዋጉ መጠን ሲጨምር ታያለህ። ዘር አባዥው ዝርያውን በማባዛት ከመጠመዱ በፊት፣ ገበሬው ከመግዛቱ በፊት። እኔ ዘር ላይ ስለምሠራ ይህ በጣም ያንገበግበኛል፣ እናም ትንሽ ብረዝም ይቅር በሉኝ።

ደግሞ ተቃውሞ አለ፣ አውቀዋለሁ።

ገበሬው ስማርት ስልክ የለውም ይባላል። ብዙው የለውም፣ እውነት ነው። ልጁ ግን አለው፣ የልማት ሠራተኛውም አለው፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑም ኮምፒውተር አለው። ቴሌግራም የማይከፍት ወጣት ቀበሌ ውስጥ ፈልጉና አምጡልኝ። ወረዳና ሰብል ጠይቆ የሦስት ዝርያ ውጤት የሚልክ የቴሌግራም ቦት (በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) መሥራት ለአዲስ አበባ ልጆች የአንድ ሰሞን ሥራ ነው። ቁልፍ ስልክ ብቻ ላለው ደግሞ 8028 አለ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው ነፃ መስመር ነው፤ ደውለህ ቁጥር እየተጫንክ በቋንቋህ ምክር ትሰማለህ። የሰብሉ ምክር እዚያ ከገባ፣ የጎረቤት ቀበሌ ማሳ ስንት እንዳወጣ የማይገባበት ምክንያት የለም።

ገበሬው ግራፍ አይገባውም ይባላል። ይህን ንግግር አልወደውም። ገበያ ላይ የአምስት ቦታ የእህል ዋጋ በጭንቅላቱ ይዞ የሚያወዳድር ሰው አሥር ነጥብ አይቶ የትኛው ከፍ እንዳለ መለየት ያቅተዋል? ነጥቡ የማን ቀበሌ እንደሆነ ንገሩት እንጂ። እንዲያውም እሱ ከእኛ ቀድሞ «ይቺ ታች ያለችው ውሃ የሚተኛባት ናት» ይላችኋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሰው ማጣሪያውን እያጠበበ፣ እያጠበበ፣ ዋልካ አፈር፣ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ በሐምሌ የተዘራ እያለ ሄዶ ሁለት ማሳ ብቻ ሲቀረው «ይኸው፣ ይሄ ዝርያ ይሻላል» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ሁለት ማሳ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ገጹ ራሱ አፍ አውጥቶ «ማሳው አንሷል፣ በዚህ አትወስን» ማለት አለበት፣ ሰፋ ያለውን ውጤትም ጎን ማሳየት አለበት። ይህ ካልተደረገ ከአማካዩ የባሰ ጥፋት ይመጣል፣ ነጋዴውም ለዘሩ የሚስማማውን ማጣሪያ መርጦ ፎቶ አንስቶ ይለጥፈዋል።

የሰው ገመናም አለ። የማን ማሳ ስንት እንዳወጣ በስምና በጂፒኤስ ማውጣት አይገባም፤ በገጠር ምርትህ ሲታወቅ መዋጮውም፣ ወሬውም፣ ዓይኑም ይከተልሃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ቀበሌውን፣ የአፈሩን ዓይነትና ከፍታውን አሳይቶ ስሙን መደበቅ ይቻላል። ባለቤቱ ግን የራሱን ነጥብ የሚያገኝበት ምስጢር ቁጥር ይሰጠው።

የተመራማሪዎቹ ፍርሃት ደግሞ ይገባኛል። መረጃዬን ቀድሜ ካወጣሁ ሌላው ይጽፍበታል ይላሉ። የአፈርና የአግሮኖሚ መረጃን ለመጋራት እ.ኤ.አ. በ2018 የተቋቋመ «የፈቃደኞች ጥምረት» አለ፣ ተቋማት ተስማምተው በየመሳቢያው የነበረ የማዳበሪያ ሙከራ መረጃ አሰባስበዋል፤ እውነት ለመናገር ትልቅ ሥራ ነው። ያ ግን ባለሙያ ለባለሙያ ነው። የሚቀረው በር ወደ ገበሬው የሚከፈተው ነው። ጽሑፉ እስኪታተም አንድ ዓመት ጠብቁ ቢባልም እንኳ ይሁን፣ ጭራሽ ከማይወጣ ይሻላል።

ለእናንተ ለጋዜጠኞቹም አንድ ልመና አለኝ፣ ይሄ ሶፍትዌር አይጠይቅም። የዘንድሮው የመስክ ቀን ዜና ሲመጣ ከተናጋሪው ቁጥር አጠገብ አራት ነገር ጠይቃችሁ ጻፉልን። ስንት ማሳ ነበር? ዝቅተኛው ስንት አወጣ? ነባሩ ዝርያ እዚያው ጎን ተዘርቶ ስንት ሰጠ? ከሠንጠረዡ የወጣ ማሳ አለ ወይ፣ ካለስ ለምን? መልስ ከሌለ «መልስ አልተሰጠንም» ብላችሁ አትሙት።

የቀድሞ የልማት ሠራተኛ
ከምሥራቅ ጎጃም